ጅቡ እንኳ ሁለት ዓይን አለው

መጀመሪያ ያየሁት እግሬን ነው። ግራ እግሯን በቀኝ እግሯ ረግጣ የቆመች ሴት፣ ከግድግዳው ሥዕል መሀል፣ አንድ የቆርቆሮ በር አጠገብ። እንደዛ የምቆመው እኔ ነኝ። ሲጨንቀኝ አንዱን እግሬን በሌላው እረግጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከልጅነቴ ነው። ከዛ ነጠላ ጫማዋን አየሁ። አረንጓዴ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በቀይ ክር የተሰፋ። ያንን ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከዛ በሻሿ ጫፍ የተቋጠረ ቁልፍ፣ የቤቴ ቁልፍ። ሳቄ መጣ። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ ግን ሳቄን ተውኩት።

ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

ይኼ የሆነው ከሰፈራችን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ በተሠራ አዲስ ሪዞርት ውስጥ ነው። ልጄ ከሌሎች አምስት ሠዓሊዎች ጋር ሎቢውን ስትሥል አራት ወር ቆይታለች። ሎቢ የሚሉት እንግዳ የሚቀበሉበትን አዳራሽ ነው። ባለቤቱ የድሮ መንደር እንዲመስልለት ፈልጎ ጣሪያውን ከውስጥ በሣር አስከድኖታል፤ መብራቶቹ በቀፎ ውስጥ ናቸው፤ እንግዳ የሚመዘገብበት ባንኮኒ የእህል ጎታ ነው የሚመስለው። እናቴ ጎታ ስትለስን አይቻለሁ፣ እንደዛ የሚያብረቀርቅ ጎታ ግን አላየሁም። ትልቁ ግድግዳ ላይ ደግሞ ተራራው አለ። ከላይ ባሕር ዛፉ፣ ከዛ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ከዛ እርስ በርስ የተደጋገፉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ እየወረደ እየወረደ እስከ ጳውሎስ ታክሲ ተራ ድረስ።

ሪዞርቱ ከመከፈቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ የሠዓሊዎቹን ቤተሰቦች ብቻ ጠሩን። በር ላይ አንድ አንድ ወረቀት ሰጡን። ሥዕሉ ውስጥ የተደበቁ ነገሮች ዝርዝር ነው፤ እንግዳ ክፍሉ እስኪዘጋጅለት ሲጠብቅ እንዳይሰለቸው ተብሎ ነው አሉ። እኔ የተማርኩት ሦስተኛ ክፍል ድረስ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። መነጽር ያደረገ አህያ። ጃንጥላ የያዘ ኤሊ። ቀፎ ውስጥ የተኛ ድመት። በሸማኔው ጥለት ውስጥ የገባ እንሽላሊት። ያ ሁሉ ሽበታም ሰው እንደ ሕጻን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ «አህያው ይኸው፣ ኤሊዋስ የታለች?» ይላል።

ልጄ መጣችና በጆሮዬ፣ «እማ፣ አንቺም አለሽበት። ወረቀቱ ላይ ግን የለሽም። ፈልጊ» ብላኝ ሄደች።

ፈለግኩ፣ አገኘሁ። አንድ ዓይን።

ይኼን የማያውቅ ሰው ምን አለበት ይል ይሆናል። እኔ ግን ሳድግ እናቴ ለበዓል ቤተክርስቲያን ስትወስደኝ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ፊት ታቆመኝ ነበር። ቅዱሳኑ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው በሁለት ትልልቅ ዓይን ያያሉ። ሰይጣን፣ ከሀዲው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ግን በጎን ናቸው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዓይን። እናቴ አገጬን ይዛ ታዞረኝና «ሁለት ዓይን ያለውን እዪ። በአንድ ዓይን የሚያይሽን አትዪው፣ ይከተልሻል» ትለኝ ነበር። ይኸው አርባ ዓመት አልፎት ዛሬም በእንደዛ ያለ ሥዕል ፊት ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ልጄ ይኼን ሥርዓት አታውቅም እንዳልል፣ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች በኋላ የቤተክርስቲያን ሥዕል ከሚሥሉ አንድ አባት ዘንድ ሁለት ዓመት ቀለም ስትበጠብጥ ነው የቆየችው። አንድ ቀን እራት ላይ «እማ፣ ዛሬ ወታደሮቹን እንድሥል ፈቀዱልኝ። ለጻድቃኑ ገና ነሽ፣ በአንድ ዓይን ጀምሪ አሉኝ» ብላ አስቃኛለች። እና እጇ አምልጧት ነው ብዬ አላስብም። የእሷ እጅ አያመልጥም።

ደግሞ እኮ ያ ግድግዳ በሙሉ በቤተክርስቲያን አሣሣል ነው የተሣለው። ሸማኔው ሁለት ዓይን አለው። ውሃ የተሸከመችው ሁለት ዓይን አላት። የታክሲ ረዳቱ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች፣ ሰክሮ ቦይ ውስጥ የወደቀው ሰውዬ፣ ሁሉም ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይን ያያል። ከበጎቹ በረት ጀርባ ያደፈጠ ጅብ አለ። ጅቡ እንኳ ሁለት ዓይን አለው። በጎን የተሣልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ ተመልሳ መጣች። «አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

«እና?»

«ነጠላ ጫማዬን እንዴት አስታወስሽው» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ።»

ትንሽ አየችኝ። ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ያቺን የከንፈር መንከስ አውቃታለሁ። የቀረ ነገር ሲኖራት ነው እንደዛ የምታደርገው።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በሁለት ሳምንቷ ልጄ ወደ ሐዋሳ ልትሄድ ነበር። ባለቤቱ እዛም ሐይቅ ዳር ሌላ ሪዞርት ያሠራል፣ ሥራው ዓመት ይፈጃል። አባቷ ካረፈ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ነን። ብቻዬን መሆኑን እችለዋለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው። ቂም ይዛ የሄደች ልጅ ትደውላለች፣ በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰሽ ትላለች፣ ቤቷ ግን አትመለስም። እንዲህ ያለ ቤት በሰፈራችን አይቻለሁ። እናቲቱ ስልኩን ተሸክማ ታረጃለች።

ልጄ ደግሞ ቂም የምትይዝበት ነገር አላት።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ባለ ሽቦ ደብተር ነበራት፣ ያ ጎኑ ላይ ሽቦው የሚጠማዘዘው ዓይነት። በግቢያችን ያለውን ሰው ሁሉ እየሣለች ሞላችው። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩትን ጡረተኛ አባት በራፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሣለቻቸው። በሳምንቱ ወደቁ፣ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ አንዲት ሴት ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ልጅሽ ሥላቸው አልነበር እንዴ?» አለችኝ። ይኸው ነው ያለችው። ክፉ አልተናገረችም። እኔ ግን ቁጭ ብዬበት የነበረው አግዳሚ የተነሣ መሰለኝ። በድንኳን ውስጥ የተወራ ነገር የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ነገ አንዱ ልጅ ቢታመም፣ ከነገ ወዲያ አንዷን ቢያስወርዳት፣ ልጄ ናት የምትባለው። ዓይኗ ነው፣ እጇ ነው ይባላል። እና በነጋታው እሷ ትምህርት ቤት እያለች ደብተሩን ከሰል ምድጃ ላይ አድርጌ አቃጠልኩት። ገጽ በገጽ አይደለም፣ እንዳለ። ፊቶቹን ላለማየት ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

ስትመጣ ፈለገችው። «አላየሁም» አልኳት።

ሽቦውን ግን እሳት አልበላውም። አመዱን ከነሽቦው ግቢ ጥግ ደፍቼዋለሁ፤ ምነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም ብዬ። በነጋው ጠዋት ከአመዱ ፊት ቆማ አገኘኋት። ጎንበስ አለች፣ ሽቦውን አነሣች፣ በዩኒፎርሟ ጠረገችው፣ ኪሷ ከተተችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እኔም አልተናገርኩም። ስምንት ዓመት ሆነው። ያንን ሽቦ የት እንዳደረገችው አላውቅም፤ አልጋዋን ባነጠፍኩ ቁጥር በዓይኔ እፈልገዋለሁ።

እና በግድግዳው ላይ ፊቴን በጎን ሳየው፣ በቃ፣ መልሱ መጣ አልኩ። ስምንት ዓመት ይዛው ቆይታ፣ መቼም በማይጠፋበት ቦታ ጻፈችው።

ያን ሰሞን እንዴት እንደነበርኩ ለመናገር ይከብደኛል። ቁጭ ስል እነሣለሁ፣ ስነሣ ለምን እንደተነሣሁ እረሳዋለሁ። ጨው የጨመርኩበትን ወጥ ደግሜ ጨው እጨምርበታለሁ። ልጄን ልጠይቃት አፌን እከፍትና ሌላ ነገር ይወጣል።

«ያ ጅቡ...» አልኳት አንድ ምሳ ላይ።

«የቱ ጅብ?»

«የግድግዳው። ማነው የሣለው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«አይ፣ ዓይኑ ያምራል።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማ፣ አሞሻል?»

ጳውሎስ አካባቢ፣ ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ይዘው የሚመጡ ሰዎች በሚያድሩበት ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። አብራኝ የምታጥብ አንዲት ሴት አለች፣ ጴንጤ ናት፣ ቀልደኛ ናት። ትልቅ አንሶላ ስንጨምቅ እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን ወዲህና ወዲያ እንጠመዝዘዋለን።

«ኧረ ቀስ፣ ልትቀጂው ነው እንዴ? አንሶላው ምን አደረገሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ደብተሩን ሳይቀር። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

«አንድ ዓይን ስለሣለችሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«በእኛ አንድ ዓይን የክፉ ነው።»

«እኛ ቸርች ሥዕል የለም፣ እሱ ዓይነቱ ነገር አይገባኝም። እኔን የሚሥለኝ ሰው ቢገኝ በጀርባዬ ቢሥለኝም ደስ ይለኛል። ግድግዳው ከበቃ ነው ታዲያ።» ዞራ መቀመጫዋን አሳየችኝ።

«አትሳቂብኝ።»

«አልሳቅኩብሽም። ጠይቂያት በቃ። አፍ የለሽም?»

«አዎ ብትለኝስ?»

መጠምዘዙን ተወችው። ውሃው በክንዷ ላይ ወረደ። «እሱን ነው የፈራሽው።»

«እሱን ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና ደግመሽ እዪው። ሰው ሲደነግጥ ግማሹን ነው የሚያየው።»

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ግን ደግሜ ለማየት ብቻ አልነበረም የሄድኩት። እውነቱን ልናገር። በጡቴ ሥር፣ በመሐረብ ጠቅልዬ፣ የኩል ብልቃጤንና መኳያዬን ይዤ ነበር። አንዲት ነጥብ ናት። አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ ዙሪያዋን በቀጭኑ ከበብ አድርጎ፣ ማን ያውቃል? ከዛ ሁሉ ሰው መሀል የአንዲት ሴትን ሁለተኛ ዓይን ማን ይቆጥራል? እንደዛ እያሰብኩ ዳገቱን ወጣሁት።

በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ። «እናት፣ ገና አልተከፈተም።»

«የሠዓሊዋ እናት ነኝ።»

«የትኛዋ ሠዓሊ?»

«ያቺ ቀጭኗ። ፀጉሯን በእርሳስ የምትጠቀልለው።»

ፊቱ ፈካ። «እሷን ነው? እኔንም እኮ ሥላኛለች። ይግቡና ይዩ፣ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለው ፍየል፣ ጢሙ የእኔ ነው።» ጢሙን ደባበሰው። «ቅር አላለኝም። ፍየል መቼም ጨዋ ነው።»

ገባሁ። ሰው ሲጎድልበት አዳራሹ ያስፈራል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ከልጄ ጥቂት የምትበልጥ፣ ወለሉን ትወለውላለች። «ጫማዎትን ያውልቁልኝ እትዬ፣ ሰም ቀብቼው ነው» አለችኝ። አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ወለሉ እግሬን አቀዘቀዘው። እሷ ወደ ወዲያኛው ጥግ እስክትሄድ ጠብቄ ብልቃጡን አወጣሁ፣ መኳያውን ነከርኩ፣ ወደ ፊቷ ጠጋሁ።

ቦታ የለም።

ጉንጯ ላይ ላድርገው? ከአፍንጫዋ ማዶ ላድርገው? ከአፍንጫዋ ማዶማ የበሩ ቆርቆሮ ነው። ፊቱን አዙሮ የቆመ ሰው ላይ ሁለተኛ ዓይን የሚገባበት ስንዝር መሬት የለም። መኳያውን እንዳነሣሁ ቀረሁ። እንደ ሕጻን የማይሆን ነገር አስቤ ያንን ሁሉ ዳገት መውጣቴ ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

«እትዬ፣ እሱን ግድግዳ ከነኩት እኮ እኔ ነኝ የምባረረው።»

ልጅቷ ከኋላዬ ቆማለች። መኳያውን በመሐረቡ ሸፈንኩት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ዓይኗን እግሬ ላይ ጣለች። በባዶ እግሬ፣ ግራዬን በቀኜ ረግጬ ቆሜያለሁ። እጄ ላይ የያዝኩትን ነጠላ ጫማ አየች። ግድግዳውን አየች።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወይ ጉድ። እኔ እኮ በየቀኑ አወራታለሁ። ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ ፈዘሽ የቀረሽው እላታለሁ። ኋላ አገኘሁላት።»

«ምን?»

«የምታየውን ነዋ።»

«የምታየው ነገር አላት?»

«ዓይን እስካላት ድረስ የሆነ ነገር ታያለቻ።» መወልወያዋን ከምሰሶው አስደግፋ መጣች። «ቆመው ግን አያገኙትም። እኔም ስወለውል ነው ያገኘሁት። ዝቅ ይበሉ።»

በጣቷ ከሴቲቱ ዓይን ጀምራ በአየር ላይ መስመር አሰመረችልኝ። ከቆርቆሮው በር ይነሣል፣ በመነጽራሙ አህያ ጆሮ መሀል ያልፋል፣ ዳገቱን ይወርዳል፣ ከዛ ምሰሶው ይጋርደዋል። ቅዳሜ ዕለት ሰው ሁሉ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ይመለስ ነበር። ከምሰሶው ጀርባ ጠባብ ቦታ አለ፣ መወልወያና የእኔ ዓይነት ሰው ብቻ የሚገባበት። በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ወለል ያውቃል፣ ለእሱ አዲስ አይደለም። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የጳውሎስ ታክሲ ተራ አለ። ክብሪት ሣጥን የምታክል ሚኒባስ ቆማለች። ከበሯ አንዲት ልጅ እየወረደች ነው፤ አንድ እግሯ መሬት ነክቷል፣ አንዱ ገና ደረጃው ላይ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች። ቁመቷ ጣቴን አይሞላም። ፊቷን ቀና አድርጋ ወደ ዳገቱ ታያለች፣ በሁለት ዓይን።

በብብቷ ደብተር ይዛለች። ተጠግቼ አየሁት። ሽቦው ቀለበት በቀለበት ተሥሏል፤ በአንድ ፀጉር ካልሆነ በምን እንደሣለችው አላውቅም። ደብተሩ ሙሉ ነው። አንድ ጥጉ እንኳ አልተቃጠለም።

«ወረቀቱ ላይ እሷም የለችም» አለች የጽዳቷ ልጅ ከበላዬ። «ስንት ሰው መጣ፣ ማንም አላያትም። እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

ስወርድ ታክሲ አልጠበቅኩም። የመጣው ታክሲ ሁሉ የሚሞላ አልመስል አለኝ፣ በእግሬ ወረድኩት። ልቤ ግን ገና አላረፈም። ዓይኑስ እሺ፣ ወዴት እንደሚያይ ገባኝ። ደብተሩን ለምን ሣለችው? ይቅር ብላኝ ነው ወይስ አልረሳሁትም ልትለኝ ነው? በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሐሳቤ ይገለበጣል። ከሩፋኤል እስክደርስ ይቅር ብላኛለች፣ ከሩፋኤል ወዲህ ደግሞ አላለችኝም።

ቤት ስደርስ ልጄ አልጋዋ ላይ ብሩሾቿን በጨርቅ እየጠቀለለች ነው። ቀና ሳትል፣ «ኩል ይዘሽ ሄድሽ አሉ» አለችኝ።

ያቺ የጽዳት ልጅ ደውላላታለች።

«ማን ነገረሽ?» አልኩ፣ ደግሞ እያወቅኩ።

«ያንን ግድግዳ ከመቀባቴ በፊት ነግረሽኝ ቢሆን ቅንድብሽንም አብሬ እኳለው ነበር።» ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቋን ይዛ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ።

«አየሁሽ» አልኳት። «ከታክሲ ስትወርጂ።»

እጇ ቆመ።

«ያንን ደብተር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እማ።»

«አላየሁም ብዬሽ ነበር።»

«ሽቦው ነገረኝ።»

«ሰው ይጠላሻል ብዬ ፈርቼ ነው። በለቅሶው ላይ አንዷ... በቃ፣ ፈርቼ ነው።»

ብሩሾቹን ጠቅልላ በክር አሰረቻቸው፣ ፈታቻቸው፣ እንደገና አሰረቻቸው። እሷም እንደ እኔ እጇ አያርፍም።

«ሁለት ዓመት ያህል ተናድጄብሻለሁ» አለች። «አልዋሽሽም። በጣም ነበር የተናደድኩት። ከትምህርት ቤት ስመጣ ዛሬስ እነግራታለሁ እያልኩ ነው ከታክሲ የምወርደው። ከዛ ቀና ስል በር ላይ ነሽ። ዝናብ ቢሆን በር ላይ ነሽ፣ ፀሐይ ቢሆን በር ላይ ነሽ። ዳገቱን ስወጣ እየደከመኝ፣ አንቺ ጋ ስደርስ ንዴቱ ያልቅብኛል። ዳገቱ ደግሞ ረጅም ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምን?»

«ቂም ይዘሽብኝ ነው የምትሄጂው?»

«ይዤብሽ ቢሆን ደብተሩን ሙሉ አድርጌ እሥለው ነበር?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፣ አልመጣም። ይልቅ ጭንቅላቴ ወደ ሌላው ሄደ። «ታዲያ አንድ ዓይኑስ? ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። የሚያውቅ ሰው ሲያየኝ ሰይጣን ነው የሚለኝ።»

«ሰይጣን በር ላይ ቆሞ ማንን ይጠብቃል?» አለች። ከዛ ቀስ ብላ፣ «ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ ሣልኩሽ። ሦስቱንም ጊዜ አጠፋሁት። ሌላ ሴት ትሆንብኛለች። አንቺ ፊት ለፊት ሆነሽ አታውቂም እኮ። ስታወሪኝም በሩን እያየሽ ነው፣ ስትበዪም በሩን እያየሽ ነው።»

«ውሸት።»

«እሺ፣ ነይ። እዚህ ጋ ተቀመጪ። እኔን እዪኝ።»

ፀጉሯን የያዘችበትን እርሳስ ስባ አወጣች፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበተነ። ጉልበቷ ላይ ወረቀት አደረገች። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው። አየኋት። እውነትም ብዙ ጊዜ እንደዛ አይቻት አላውቅም። በቀኝ ቅንድቧ ውስጥ ትንሽ ጠባሳ አለ፣ መቼ እንደመጣባት አላስታውስም። ልጠይቃት ስል እሷ ከትምህርት ቤት ትመጣበት የነበረው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ መሰለኝ፣ ከታች ታክሲ ቆመ፣ በሩ ተንሸራትቶ ሲከፈት ሰማሁት፣ ዳገቱ ላይ የሰው ኮቴ መጣ።

«እማ» አለች ልጄ። «እኔ እዚህ ነኝ እኮ። ማንን ነው የምትጠብቂው?»

ዞሬ ነበር። መዞሬን አላወቅኩም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወደ ሐዋሳ ሄደች። ያን ቀን የሣለችኝን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው የተወችልኝ። አብራኝ ለምታጥበው ሴት አሳየኋት፣ አገላብጣ አየችውና «ይኸው፣ ሁለት ዓይን ሰጠችሽ፣ አረፍሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሁለት ናቸው፣ ፊቴም ወደ ሰው ነው። ሁለቱም ዓይኖቼ ግን ወደ ጥግ ሄደው በሩን ነው የሚያዩት። ቤት ወስጄ ያቺን የወረቀቷን ሴት ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ሞከርኳት። መጨረሻ ላይ በሩ በሚታያት በኩል ሰቀልኳት።